የኢሜይል ማርኬቲንግ ሶፍትዌር፦ የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር ማሳደጊያና ማወቂያ

የኢሜይል ማርኬቲንግ ሶፍትዌር አንድ ድርጅት መልእክቱን ለመቀበል የተስማሙ ሰዎችን አድራሻ የሚመዘግብበት፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጽፍበትና ከተላከ በኋላ የሆነውን የሚከታተልበት መሣሪያ ነው። ተራው የኢሜይል ሳጥን ለዚህ ሥራ አይመችም። በቀን የሚላከው መልእክት በቁጥር የተገደበ ነው፤ ማን እንደከፈተና ማን መቀበል እንደማይፈልግ አይመዘግብም፤ ላኪው ከተዘናጋም የሁሉም ተቀባዮች አድራሻ ለሁሉም ይታያል። ሶፍትዌሩ ግን ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ የራሱን ቅጂ ያዘጋጃል፣ በስሙ ይጠራዋል፣ ያደረገውንም በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል።

አነሳሱ

በኮምፒዩተሮች መረብ ላይ የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከው አሜሪካዊው ሬይ ቶምሊንሰን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1971 ነበር። በ1978 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ባልደረባ የነበረው ጋሪ ቱርክ የኩባንያውን አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ለማስተዋወቅ በአርፓኔት መረብ ላይ ለነበሩ 400 ያህል ሰዎች ሳይጠይቃቸው መልእክት ላከ። ድርጊቱ ብዙ ቁጣ ያስነሳ ሲሆን ዛሬ ስፓም ወይም አይፈለጌ መልእክት ለሚባለው ነገር እንደ መጀመሪያ ይቆጠራል። በ1986 ኤሪክ ቶማስ የሠራው ሊስትሰርቭ ደግሞ ሰዎች በራሳቸው ጥያቄ ወደ ዝርዝር እንዲገቡና እንዲወጡ አስቻለ፤ ከዚያ በፊት ይህ በሰው እጅ የሚሠራ ነበር።

የንግዱ ሶፍትዌር የተስፋፋው በ1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያ ወዲህ ነው። ከታወቁት አንዱ የሆነው ሜይልቺምፕ በ2001 በአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ ተመሠረተ። በ2009 ለአነስተኛ ዝርዝሮች ያለ ክፍያ መሥራት ሲጀምር ትናንሽ ነጋዴዎችና ማኅበራት ወደ እሱ ጎረፉ። በ2021 ኢንቱይት የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ኩባንያ በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛው ተስማማ። ከእሱ ሌላ ኮንስታንት ኮንታክትና ብሬቮ በሰፊው ይታወቃሉ፤ ማውቲክን የመሰሉት ደግሞ ባለሙያ ያለው ድርጅት በራሱ ሰርቨር ላይ የሚጭናቸው ክፍት ፕሮግራሞች ናቸው።

ዝርዝሩ እንዴት ያድጋል

የዝርዝር በር የምዝገባ ቅጽ ነው። ቅጹ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ፣ በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ወይም በኤግዚቢሽን ላይ በተዘረጋ ታብሌት ይቀመጣል። የሚጠይቀው ባነሰ ቁጥር የሚሞላው ሰው ይበዛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስምና ኢሜይል ይበቃሉ። ከቅጹ አጠገብ ተመዝጋቢው ምን እንደሚደርሰውና በየስንት ጊዜው እንደሚደርሰው በግልጽ መጻፍ አለበት። ለውጭ ገዢዎች የሚያቀርብ የቡና ላኪ ድርጅት፣ ለምሳሌ፣ «በመኸር ወቅት በየሁለት ሳምንቱ የናሙናና የዋጋ መረጃ» ብሎ ቢጽፍ ከ«ዜናችንን ይከታተሉ» የተሻለ ምክንያት ይሰጣል።

ሁለት የምዝገባ መንገዶች አሉ። በአንደኛው ሰውየው ቅጹን እንደሞላ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። በሁለተኛው፣ ድርብ ማረጋገጫ በሚባለው፣ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ አንድ ኢሜይል ይልክና በውስጡ ያለው ሊንክ ሲነካ ብቻ ምዝገባው ይጸናል። ድርብ ማረጋገጫ ጥቂት ተመዝጋቢዎችን ያስቀራል፤ በምትኩ በስህተት የተጻፉ አድራሻዎችን፣ በሌላ ሰው ስም የተሞሉ ቅጾችንና በኮምፒዩተር የሚሞሉ የሐሰት ምዝገባዎችን ያጠራል፤ የፈቃዱም ቀንና ሰዓት ተመዝግቦ ይቀመጣል።

አድራሻ መግዛት ግን ዝርዝር ማሳደግ አይደለም። ብዙዎቹ አገልግሎት ሰጪዎች በውላቸው ይከለክሉታል፤ ምክንያቱ የአንድ ደንበኛ አይፈለጌ መልእክት በዚያው ሰርቨር የሚጠቀሙትን ሌሎችን ስም ጭምር ስለሚያጎድፍ ነው። በሚሸጡ ዝርዝሮች ውስጥ የስፓም ላኪዎችን ለመያዝ ሆን ተብለው የተቀመጡ፣ ማንም ሰው የማይጠቀምባቸው አድራሻዎችም ይገኛሉ። ወደ እነሱ የላከ ድርጅት በጥቁር መዝገብ ሊሰፍር ይችላል።

መልእክቱ የሚደርስበት መንገድ

ሶፍትዌሩ «ተልኳል» ማለቱ መልእክቱ ተቀባዩ ዘንድ ደርሷል ማለት አይደለም። የተቀባዩ ኢሜይል አገልግሎት፣ ጂሜይልም ይሁን ሌላ፣ መጀመሪያ የላኪውን ማንነት ያጣራል። ለዚህ ሦስት መለያዎች አሉ። ኤስፒኤፍ በድርጅቱ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ዲኪም መልእክቱ በመንገድ እንዳልተለወጠ የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ ያትምበታል፤ ዲማርክ ደግሞ ማጣራቱን ያላለፈ መልእክት ምን እንዲደረግ ላኪው የሚወስንበት መመሪያ ነው። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጂሜይል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ከሚልኩለት ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ይጠይቃል፤ የማስታወቂያ መልእክቶችም በአንድ ክሊክ ከዝርዝር መውጣት የሚያስችሉ እንዲሆኑ ያስገድዳል። ያሁም ተመሳሳይ መመሪያ በዚያው ጊዜ አውጥቷል።

የማይደርስ መልእክት ተመልሶ ይመጣል። አድራሻው ከናካቴው ከሌለ መመለሱ ቋሚ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ዳግም አይልክለትም። የተቀባዩ ሳጥን ከሞላ ወይም ሰርቨሩ ለጊዜው ከቆመ ግን መመለሱ ጊዜያዊ ነው፤ ሶፍትዌሩ ቆየት ብሎ ደጋግሞ ይሞክራል።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

ከላይ የተጠቀሰው ቡና ላኪ ለ1,000 ሰዎች ላከ እንበል። 20ው ተመለሱ፣ 980ው ደረሱ፤ 245 ሰዎች ከፈቱት፣ 49 ሰዎች ሊንኩን ነኩ፣ 7 ሰዎች ከዝርዝሩ ወጡ። ከደረሰው አንጻር የከፈቱት 25 በመቶ፣ ሊንክ የነኩት 5 በመቶ ናቸው፤ ከከፈቱት መካከል ሊንክ የነኩት ደግሞ 20 በመቶ ይሆናሉ። የከፋቾች ቁጥር በአመዛኙ ስለ መልእክቱ ርዕስና ስለ ላኪው ስም ይናገራል፤ ይህ ሦስተኛው ቁጥር ግን በውስጡ ስላለው ቁም ነገር ይናገራል። ብዙ ከፋች ኖሮ ሊንክ የሚነካ ከጠፋ ርዕሱ ቃል የገባውን ጽሑፉ አልሰጠም ማለት ነው።

የከፈቱት የሚቆጠሩበት ዘዴ ራሱ ጉድለት አለበት። ሶፍትዌሩ በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ ዓይን የማያያት አንዲት ነጥብ የምታክል ምስል ያስገባል፤ ምስሏ ከሰርቨሩ ስትጠራ «ተከፈተ» ተብሎ ይመዘገባል። ምስል እንዳይታይ ያደረገ አንባቢ ሙሉውን አንብቦ እንኳ አይቆጠርም። በተቃራኒው አፕል በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት በአፕል የኢሜይል ፕሮግራም የሚጠቀሙና ጥበቃውን የመረጡ ሰዎች መልእክቱን ባይከፍቱትም ምስሉ አስቀድሞ ይጠራል፤ ስለዚህ እንደከፈቱ ይቆጠራሉ። በዚህ የተነሳ የሊንክ ክሊክ፣ የሚጻፍ መልስና የሚመጣ ትእዛዝ ከከፋቾች ቁጥር ይልቅ ይታመናሉ። ክሊክም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ የአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የደኅንነት ፕሮግራሞች አደጋ መኖሩን ለመመርመር ሊንኮችን ራሳቸው ይነካሉ።

ትንሹ ግን አደገኛው ቁጥር «ስፓም ነው» ብለው የሚያመለክቱት ሰዎች ነው። ጂሜይል ላኪዎች ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይመክራል፤ 0.3 በመቶ እንዳይደርሱም ያስጠነቅቃል። ይህ ከሺህ ሰው ሦስት ነው። ስለዚህ ከዝርዝር መውጫውን በደቃቅ ፊደል መደበቅ የላኪውን ጉዳት ያከፋል፤ መውጫ ያጣ ሰው የሚነካው «ስፓም» የሚለውን ነውና።

ምድብና ፈተና

አማካይ ቁጥር የተለያዩ ሰዎችን አንድ ያደርጋል። ሶፍትዌሩ ተመዝጋቢዎችን በመጡበት በር፣ በሚኖሩበት አገር፣ በተመዘገቡበት ወር፣ በገዙትና በነኩት ሊንክ ይመድባል። ቡና ላኪው የታጠበ ይርጋጨፌ የሚገዙ አነስተኛ ቡና ቆዪዎችንና ያልታጠበ ሐረር በብዛት የሚወስዱ ነጋዴዎችን ቢለይ ለሁለቱም የሚጠቅማቸውን ብቻ ይልካል። በመጡበት በር መመደብ በተለይ ዝርዝሩ ከየት ማደግ እንዳለበት ይጠቁማል፦ ከኤግዚቢሽን 300 ሰው መጥቶ ከስድስት ወር በኋላ የሚያነብ ከጠፋ፣ ከድረ ገጹ የመጡት 60 ግን እያዘዙ ከሆነ፣ ጥረቱ ወዴት መዞር እንዳለበት ግልጽ ነው።

ሌላው መሣሪያ የኤ/ቢ ፈተና ነው። ሁለት ርዕሶች ለሁለት በዕጣ ለተመረጡ ቡድኖች ይላኩና የተሻለው ለቀሩት ይሄዳል። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት፤ ቡድኖቹ ትንንሽ ከሆኑ ደግሞ ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በ50 ሰው መካከል የታየ የሁለት ሰው ብልጫ ማስረጃ አይሆንም።

ሶፍትዌሩ በራሱ የሚልካቸው ተከታታይ መልእክቶችም አሉ። የመጀመሪያው የእንኳን ደህና መጡ መልእክት ነው፤ ሰውየው ድርጅቱን ባስታወሰበት ሰዓት ስለሚደርስ ከሌሎቹ በተሻለ ይነበባል። ለወራት ምንም ላልነኩ ሰዎች ደግሞ መቀጠል ይፈልጉ እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክት ይላካል፤ መልስ ካልሰጡ ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ይህ ኪሳራ አይደለም። የማይነበብ መልእክት ደጋግሞ መላክ የላኪውን ስም በኢሜይል አገልግሎቶች ዘንድ ያዋርዳል፤ አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች በአድራሻ ብዛት ስለሚያስከፍሉም የማያነብ ተመዝጋቢ በየወሩ ገንዘብ ይበላል።

ሕጉና ምርጫው

የአሜሪካው ካን ስፓም ሕግ ከጥር 2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንግድ ኢሜይል የላኪውን የፖስታ አድራሻና የመውጫ መንገድ እንዲይዝ፣ ጥያቄውም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ደግሞ ፈቃድ ግልጽና በማስረጃ የሚረጋገጥ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በኅብረቱ ላሉ ሰዎች ዕቃ የሚያቀርብ የውጭ ድርጅትንም ይመለከታል። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ቅድመ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን ከወንጀል ይቆጥራል፤ የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና ቀላል የመውጫ መንገድ ለያዘ መልእክት ግን የተለየ ድንጋጌ አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በበኩሉ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብና የሚያከማች ድርጅት ግዴታዎችን ይደነግጋል።

ሶፍትዌር የሚመርጥ ድርጅት ከዋጋው ባሻገር ሦስት ነገሮችን ማየት ይገባዋል፦ የአማርኛ ፊደልን በርዕስም በጽሑፍም ያለ እንከን ማሳየቱን፣ ክፍያውን ካለበት አገር መፈጸም መቻሉን፣ ዝርዝሩንም ከነታሪኩ በፋይል አውጥቶ መውሰድ መቻሉን። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሶፍትዌር ይለወጣል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ በፈቃድ የተሰበሰበና በየጊዜው የተጣራ ዝርዝር ግን ድርጅቱ ወደ የትኛውም ሶፍትዌር ይዞት የሚሄድ ንብረት ነው።