«ፀሐይ ነው፣ አየሩን ቀንስለት»

የካቲት ውስጥ ነው። አምቦ ላይ፣ ወደ ጉደር በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ቆሜ የጓደኛዬ መኪና ጎማ እስኪለጠፍ እጠብቃለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሳይክሉን እየገፋ መጣና «ጋሼ፣ የኋላውን ንፉልኝ» አለ። ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን እንኳ አላስነሳም። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ከዚያ ቫልቩን በጥፍሩ ነካ አድርጎ ጭራሽ ፊሽ አሰኘው። «ፀሐይ ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ያብጥና መንገድ ላይ ይፈነዳብሃል» ብሎ ሸኘው። ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ አመስግኖ ሄደ፤ የኋላ ጎማው ኮብልስቶኑ ላይ እንደ ሊጥ እየተዘረጋ።

ይህን ምክር ከሆለታ እስከ ጌዶ ሰምቼዋለሁ። በጋ በገባ ቁጥር በስልክም ይዞራል፤ የተተረተረ ጎማ ፎቶ ይለጠፍበትና «ለወገን አካፍሉ» ይባላል። ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህን የሚክድ የለም። ስንት ይጨምራል ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንቁጠረው። ጠዋት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ብርድ ጎማው 3 ባር ተነፋ እንበል፤ በጎሚስታው ጌጅ 44 ፒኤስአይ ገደማ መሆኑ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ጎማውን 50 ዲግሪ አደረሰችው እንበል። ብዙ ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያበዛሁት። ግፊቱ የሚወጣው ወደ 3.5 ባር ነው። የአርባ ዲግሪ ልዩነት ያመጣው ጉድ ይኸው ግማሽ ባር ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ከፍተኛ ቁጥር ደግሞ ጎማው የሚፈነዳበት ጫፍ አይደለም፤ ፋብሪካው ከዚያ በቂ ርቀት ወደታች ወርዶ ነው የሚጽፈው። በደህና ጎማ ላይ፣ ከታተመው ቁጥር ዝቅ አድርጎ የነፋ ሰው የየካቲት ፀሐይ አታሳስበውም።

አየሩን ስንቀንስለትስ? 65 ኪሎ ሰው 18 ኪሎ ሳይክል ላይ ሲቀመጥ የኋላው ጎማ ወደ 50 ኪሎ ይሸከማል። በ3 ባር ያ ጎማ መሬቱን የሚነካው በ16 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የክብሪት ቀፎ ያህል። ግፊቱን በግማሽ ስንቀንሰው የሚነካው ቦታ ሁለት ክብሪት ቀፎ ይሆናል፤ ጎማው የጎደለውን ግፊት በስፋት ይከፍላል። ለመስፋት ደግሞ ጎኑ መታጠፍ አለበት። የተለመደ የተራራ ሳይክል ጎማ አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአምቦ ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያ ልጅ ጉደር ደርሶ ከሆነ እያንዳንዷ የጎማው ጎን ስድስት ሺህ ጊዜ ታጥፋ ተዘርግታለች። ሽቦ ወዲያና ወዲህ አጥፎ የቆረጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ጎማ ውስጥ ያለው ክር ዕጣውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። ሙቀቱ ዋና ገዳይ የሚሆነው በባጃጅና በጭነት መኪና ላይ ነው፤ ክብደቱም ፍጥነቱም ስላለ። የተተረተረው ጎማ ፎቶ እውነት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያለቀው ፀሐይ ላይ የተነፋ ጎማ ሳይሆን አየር አንሶት የተነዳ ጎማ ነው። በሳይክል ላይ ግን ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በር ነው። የላላ ጎማ የድንጋይ ጠርዝ ሲያገኝ እስከ ቸርኬው ድረስ ይሰምጥና የውስጡ ላስቲክ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች፤ እባብ የነከሰው ይመስላል። ጎሚስታው እሾህ ሲፈልግ ይውላል፤ እሾህ የለም።

(የውስጡን ላስቲክ ምን እንበለው የሚለው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንዱ ከመነዳሪ ይለዋል፣ ሌላው ከለመዳሪ፣ ሦስተኛው ካላማዳሪያ። ምንጩ ጣልያንኛው ካሜራ ዳርያ ነው፤ የአየር ክፍል እንደማለት። እኔ ከመነዳሪን ይዣለሁ። «ጎማው ተነፈሰ» የምንለው ደግሞ ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ሰው ሲተነፍስ አለ ይባላል፣ ጎማ ሲተነፍስ አለቀለት።)

እንግዲህ መነፋት አለበት። በየሳምንቱ ጎሚስታ ጋ መሄድ ለማይመቸው ደግሞ የራሱ መንፊያ ያስፈልገዋል። ስለ አየር ጎማ ታሪክ ብዙ አልልም፤ ቶምሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1845 የባለቤትነት መብት አወጣበት፣ ተረሳ፣ የቤልፋስቱ የእንስሳት ሐኪም ደንሎፕ በ1888 እንደገና አመጣው፤ በቃ። እኔን የሚይዘኝ መንፊያው ነው።

አንጥረኛ ቤት ወናፍ ያየ ሰው የመንፊያን ግማሽ ሚስጥር ያውቃል። ወናፍ ሰፊ ስለሆነ አንዴ ሲጫኑት ብዙ አየር ይልካል፤ ግን የሚልከው አየር ከሰል ከማቀጣጠል አልፎ ጎማ አያስጨንቅም። የሐኪም ቤት ቀጭን መርፌ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጥቂት ነገር ይገፋል፣ ግን በአውራ ጣት ብቻ ኃይለኛ ግፊት ይሰጣል። መንፊያ ገዢ ሁሉ በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የሚመርጠው፤ ባያውቀውም። ውስጡ 2 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው መንፊያ 3 ባር ላይ ሲደርስ እጅ ላይ የሚያርፈው ተቃውሞ ወደ 10 ኪሎ ነው። ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ 21 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 4 ሴንቲ ሜትሩ 38 ኪሎ ያህል። ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲያድግ ተቃውሞው በአራት እጥፍ ያድጋል። ገበያ ላይ «ወፍራሙ ቶሎ ይነፋል» ብለው የሚሸጡት አልዋሹም፤ ቶሎ ይነፋል፣ ክንዱ ለሚችል። ለ13 ዓመት ልጅ በእግር ተረግጦ የሚቆም ባለ 3 ሴንቲ ሜትር መንፊያ ይሻለዋል፤ በክንዱ ብቻ ሳይሆን በደረቱ ክብደት ይጫነዋል። ሳይክሉ ላይ የሚታሰረው አጭሩና ቀጭኑ ለመንገድ ችግር ነው፤ በሱ ሙሉ ጎማ የነፋ ሰው ሁለተኛ አይለምደውም።

አሁን ወደምወደው ነገር መጣሁ። ብዙ ሰው እጀታው ገና መውረድ ሲጀምር አየር ወደ ጎማው የሚገባ ይመስለዋል። አይገባም። የጎማው ቫልቭ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት በር ነው፤ ከውጭ የሚገፋው ሕዝብ ከውስጥ ከሚገፋው እስካልበረታ ድረስ ንቅንቅ አይልም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ በዙሪያችን ያለው አየር የሚገፋን በ0.78 ባር ገደማ ነው። ጎማው ውስጥ ደግሞ ጌጁ ከሚያሳየው 3 ባር ላይ ይኸው የዙሪያ አየር ስለሚደመር 3.78 አለ። በሩ እንዲከፈት መንፊያው ውስጥ የገባው አየር አምስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ መጨመቅ አለበት። ስለዚህ እጀታው ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛ በላይ እስኪወርድ ድረስ ለጎማው የደረሰ ነገር የለም፤ እስከዚያ አየሩን እያጠበብነው ብቻ ነው። ጎማው የሚያገኘው የመጨረሻዋን ስንዝር ነው። እጀታውን ግማሽ ድረስ እያወረዱ በፍጥነት የሚነፉ ልጆች አይቻለሁ፤ ላብ ብቻ ነው ትርፋቸው።

መንፊያው ለምን ይሞቃል? «ስለሚፋተግ ነው» ይሉኛል፤ ፊዚክስ የተማሩትም ጭምር። ፍትጊያ ድርሻ አለው፣ ግን ትንሽ። በገና ጨዋታ ወደ እኛ የሚመጣውን ሩር ዱላውን ቀጥ አድርገን ብንይዝለት በመጣበት ፍጥነት ይመለሳል። ዱላውን ወደፊት ሰንዝረን ብንመታው ግን ከመጣበት ፍጥነት በላይ ይከንፋል። መንፊያው ውስጥ ያሉት የአየር ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው እንደ ሩሩ ናቸው፤ የሚወርደው መግፊያ ዱላው ነው። እሱን የነካ ቅንጣት ሁሉ ከነበረው ፈጥኖ ይመለሳል፤ የቅንጣቶች ፍጥነት ደግሞ ሙቀት የምንለው ራሱ ነው። ሙቀቱ የሚያመልጥበት ባይኖር ኖሮ፣ 20 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር ከላይ በተናገርነው መጨመቅ ከ180 ዲግሪ በላይ ይደርስ ነበር። አብዛኛውን ብረቱ ይወስድልናል፤ የሚሞቀውም ታችኛው ጫፍ የሆነው አየሩ የሚጨመቀው እዚያ ስለሆነ ነው። ፍትጊያ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ከላይ እስከ ታች እኩል በተዳረሰ ነበር።

ከፍታውም ሂሳብ አለው። ባለ 3 ሊትር ጎማን በ3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና በ45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት መንፊያ 3 ባር ለማድረስ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ 28 ጊዜ መግፋት ይበቃል። አምቦ ላይ 36 ይጠይቃል። እያንዳንዱ ግፊያ የሚቀዳው አየር ስስ ነውና። «ደጋ ላይ በትርፍ ንፉ» የሚለው ሌላኛው ወሬ የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ድካሙ ጨመረ ማለት ግን ቁጥሩ ይጨምር ማለት አይደለም። ጌጅ የሚለካው የውስጡንና የውጭውን ልዩነት ነው፤ ጎማም ሰው የሚሸከመው በዚያው ልዩነት ነው። ጅቡቲም አምቦም 3 ባር 3 ባር ነው። አምቦ ላይ የነፉትን ጎማ ይዘው ወንጪ ተራራ ቢወጡ የሚመጣው ለውጥ ከአንድ አሥረኛ ባር ብዙም አይበልጥም።

(«ግፊት» ስል ሁለት ነገር እያምታታሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጀታውን መግፋትና የአየሩን ግፊት። የመማሪያ መጻሕፍት ለሁለተኛው ያንኑ ቃል ይዘዋል። «ጫና» የሚሉም አሉ። እኔ የጎሚስታውን ቋንቋ ብመርጥ «አየር» ብቻ ብዬ እጨርሰው ነበር፤ ያኔ ግን የአየሩን ብዛትና የአየሩን ግፊት መለየት የማይቻል ይሆናል። የፀሐዩ ወሬም የተወለደው ከዚሁ ይመስለኛል፤ ጎማው ሲሞቅ «አየሩ በዛ» ይላሉ፤ አንዲት ቅንጣት አልተጨመረችም።)

ታዲያ ስንት ይነፋ? እዚህ ጋ የራሴ ወገኖች ይጣሉብኛል። ወጣት ሳለሁ መልሱ ቀላል ነበር፤ በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል። ላቦራቶሪ ውስጥ ለስላሳ የብረት ከበሮ ላይ ጎማ ሲያሽከረክሩ አሁንም መልሱ ይኸው ነው ማለት ይቻላል። መንገዱ ግን ከበሮ አይደለም። ሸካራ መንገድ ላይ ከልክ በላይ የጠነከረ ጎማ ጠጠሩን ከመዋጥ ይልቅ ነጂውን ያንዘፈዝፈዋል፤ የመንዘፍዘፉም ጉልበት ከነጂው እግር ነው የሚወጣው። ያ ወሰን የት ላይ ነው? በነጂው ክብደት፣ በጎማው ስፋት፣ በመንገዱ ሻካራነት ይለያያል፤ ስለዚህ የሚተማመኑበት ቁጥር የለም። ጎማው ላዩ ላይ ሰው ሲቀመጥበት ከቁመቱ 15 በመቶ ይስመጥ የሚሉ አሉ። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ግን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ሕግ አይደለም፤ ደግሞስ ማን በማስመሪያ ለክቶት ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በሚጋልብባቸው ዓመታት ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ከ23 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጎማ ወደ ሰፋና ለስለስ ወዳለው እየተሸጋገሩ ነበር። ለአምቦ ኮብልስቶንና ለጠጠር መንገዶቻችን፣ ለሰፊው የተራራ ጎማ፣ እኔ ከ2.5 እስከ 3 ባር እላለሁ፤ ቀላል ልጅ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ «ዝቅ» ግን በጌጅ የሚታወቅ ዝቅ ነው፤ በጥፍር ፊሽ የሚባል አይደለም።

የቀረው አጭር ነው። የመንፊያው ውስጥ ማሸጊያ ቆዳ ከሆነ በበጋ ይደርቅና እጀታው ያለ ተቃውሞ መውረድ ይጀምራል፤ አዲስ መንፊያ ከመግዛት በፊት ሁለት ጠብታ ዘይት ይሞከር። ቫልቩ እንደ መኪና ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን የሚለውን ሳይክሉን ይዞ ሄዶ ማየት ነው። ከመነዳሪ ሳይበሳም አየር ያሳልፋል፤ በሳምንት አንዴ ማየት ይበቃል። ናይትሮጅን ካልተሞላ የሚሉ አሉ፤ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ኦክስጅኑ ደግሞ ከላስቲኩ ቀድሞ ስለሚሾልክ በቆየ ከመነዳሪ ውስጥ የናይትሮጅኑ ድርሻ በነፃ ያድጋል። ስፖርተኞች ኪሳቸው የሚይዟት አውራ ጣት የምታህል የጋዝ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አምቦ ውሃን የሚያፈላው ያው ጋዝ። ጎማ በሰከንዶች ይሞላል፣ ግን ላስቲክ ውስጥ ከናይትሮጅን ከአሥር እጥፍ በላይ ፈጥኖ ስለሚያልፍ በማግስቱ ጎማው ልል ሆኖ ይገኛል።

የጓደኛዬ ጎማ ተለጥፎ ሲያልቅ ጎሚስታውን «ወንድሜ፣ ለልጁ በስንት ተውክለት?» አልኩት። ጌጁን አንስቶ ሰጠኝ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ፣ በባዶው፣ ቀስቱ 10 ላይ ቆሟል።