ለመቅደላ ዘማቾች የተሰጠው ባለ ዘጠኝ ጫፍ ሜዳልያ

እ.አ.አ በ1869 የብሪታንያ መንግሥት በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ለዘመቱት ወታደሮችና ባሕረኞች ከብር የተሠራ ሜዳልያ እንዲሰጥ ወሰነ። በመካከሉ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷን እንደ ተሸፈነች ተቀርጻለች። ዙሪያዋን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ይከብባታል። "አቢሲኒያ" የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል በመሆኑ፣ በየጫፎቹ መካከል አንድ አንድ ፊደል ሰፍሯል። ጥብጣቡ ነጭ ሆኖ መካከሉ ሰፊ ቀይ ነው።

ሜዳልያውን ልዩ የሚያደርገው ግን ጀርባው ነው። በዘመኑ የተሸላሚው ስም የሚቀረጸው በሜዳልያው ጠርዝ ላይ በጥቃቅን ፊደል ነበር። በዚህኛው ግን የብሪታንያውያኑ ስም በጀርባው መካከል፣ በቅጠል ጉንጉን ተከብቦ፣ ከነክፍለ ጦሩ ወይም ከነመርከቡ ጎልቶ ይነበባል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቅርጽ መዘጋጀት ስለነበረበት ወጪው ከባድ ሆነ።

ባሕረኞች በተራራ አናት ላይ ምን ይሠሩ ነበር? ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ወደ 13 ሺህ ገደማ የሚሆን ጦሩን በዙላ ወደብ ሲያወርድ፣ በአካባቢው ከነበሩት የጦር መርከቦች የተውጣጣ አንድ የሮኬት ቡድን አብሮ ወደ ደጋ ወጣ። መሪው "ድራያድ" የተባለችው መርከብ አዛዥ ኮማንደር ቶማስ ፌሎውስ ነበር። ሰዎቹ ወደ 80 ገደማ ሲሆኑ፣ የሮኬት ማስወንጨፊያቸውን በበቅሎ ጭነው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ። ከመርከብ ወለል ለመጣ ሰው ቀላል መንገድ አልነበረም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የቴዎድሮስ ሠራዊት ከአምባው ወደ አሮጌ ሜዳ ተንደርድሮ ሲወርድ፣ በመጀመሪያ ከተቀበሉት ነገሮች አንዱ የእነዚህ ባሕረኞች ሮኬት ነው። ከዚያ ወዲያ ከኋላ የሚጎርሰው አዲሱ የስናይደር ጠመንጃ ሥራውን ጨረሰ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል መሞታቸው ይገመታል፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ከብሪታንያ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ሁለቱ ሞቱ። ይህን ያህል የሚራራቅ ቁጥር "ጦርነት" በሚለው ቃል ብቻ አይገለጽም።

ሦስት ቀን ቆይቶ፣ በትንሣኤ ማግስት፣ መቅደላ ስትወድቅ ንጉሡ በራሳቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። ሽጉጡን የላከችላቸው ራሷ ቪክቶሪያ ነበረች። ቅጥሩን ቀድመው የወጡት ጄምስ በርጊንና ማይክል ማግነር የተባሉ የ33ኛው ሬጅመንት ወታደሮች፣ ከብሪታንያ ሽልማቶች ሁሉ የላቀውን የቪክቶሪያ መስቀል አገኙ።

የብር ሜዳልያው ግን መቅደላን ላዩ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ከጥቅምት 1867 እስከ ሚያዝያ 1868 እ.አ.አ በዘመቻው ላይ የነበሩ፣ በቀይ ባሕር ላይ ከመርከባቸው ያልወረዱ ባሕረኞችም ደርሷቸዋል። ስለዚህ ሜዳልያው ዛሬ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ሰብሳቢዎች ስሙን ይዘው ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያለውን የተሸላሚዎች መዝገብ ያገላብጣሉ፤ ሰውየው ከፌሎውስ ጋር ተራራውን ወጥቶ እንደ ሆነ ለማወቅ። ከፊታውራሪ ገብርዬ ጋር አሮጌ ላይ ለወደቁት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልተጻፈም።