ስልክ ለአስፈላጊው መልእክት ብቻ እንዲጮኽ የማድረግ ዘዴ

ሌሊቱን ሙሉ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ውሻ ጅብ በመጣ ጊዜ ሰሚ አያገኝም። ባለቤቱ ጩኸቱን ስለ ለመደው ተኝቶ ያድራል። የእጅ ስልክም እንዲሁ ነው። ስለ ዕጣ፣ ስለ ዘፈንና ስለ ጥቅል ሽያጭ ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ ስልክ፣ ስለ ወንዝ ሙላት በጮኸ ጊዜ ማንም ዘወር ብሎ አያየውም።

ስለዚህ ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ ባለው ሸለቆ የምትኖሩ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች፣ እንዲሁም የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ከዚህ በታች የተጻፈውን አንብባችሁ በስልካችሁ ላይ ሥሩበት፤ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁም አስረዱ።

ይህ ነገር በአዋሽ ዳር ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል?

አዋሽ ከደጋው ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በላይ በኩል በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ይገኛል። በክረምት ደጋው ላይ ብዙ ዝናብ ሲጥልና ግድቡ ሲሞላ ውሃ ይለቀቃል። በቆላው አንድ ጠብታ ሳይዘንብ ወንዙ ከዳርቻው ሊወጣ የሚችለው ስለዚህ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ በእርሻና በከብት ላይም ብዙ ጉዳት አድርሷል።

ነገር ግን ውሃው ከላይ ተነሥቶ ዱብቲና አሳይታ እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል። ማስጠንቀቂያው በመጣበት ሰዓት ከተነበበ ከብቱን ወደ ከፍታ ለማውጣት፣ የደረሰውን በቆሎ ለመሰብሰብና የውሃ መሳቢያውን ሞተር ከወንዙ ዳር ለማንሣት ጊዜ አለ። ሳይነበብ ካደረ ግን ያ ጊዜ በከንቱ ያልፋል።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ከቴሌግራምና ከመሰሉት የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ደካማ ኔትዎርክ ባለበት ስፍራም ይደርሳል። ስልኩ ተዘግቶ ቢቆይ እንኳ መልእክቱ በስልክ ድርጅቱ ዘንድ ለተወሰነ ጊዜ ይጠበቅና ስልኩ ሲከፈት ይገባል። ስለዚህ ለማስጠንቀቂያ የሚመረጠው ይህ ነው።

መልእክቶችን በሦስት ክምር ለዩ

እህል በሰፌድ እንደሚበጠር መልእክትም ይበጠራል።

1ኛ/ ወዲያውኑ መሰማት ያለበት፦ ከቀበሌና ከወረዳ የሚመጣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚላክ ቃል፣ በወንዙ ላይኛው በኩል ከሚኖር ዘመድ የሚመጣ ወሬ፣ ከከብት ሐኪም የሚላክ የክትባት ጥሪ።

2ኛ/ በቀን አንድ ጊዜ የሚታይ፦ የገንዘብ መቀበያና መላኪያ ማረጋገጫ፣ የገበያ ዋጋ፣ የስልክ ድርጅቱ ልዩ ልዩ ማስታወቂያ።

3ኛ/ የማይፈለግ፦ የዕጣ፣ የዘፈን፣ የቀልድና ይህን የመሰለ በየዕለቱ ሒሳብ የሚቈርጥ አገልግሎት።

ሦስተኛው ክምር ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃውም፤ ምዝገባውን ማቋረጥ ይገባል። የማቋረጫው ቃልና ቁጥር ብዙ ጊዜ በራሱ በመልእክቱ መጨረሻ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በተጻፈው መሠረት ልካችሁ ሒሳቡ መቈረጡን ማቆሙን ተመልከቱ።

ሁለተኛውን ክምር ግን አትዝጉት፤ ድምፁን ብቻ አጥፉ። ማስታወቂያና ቁም ነገር አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ቁጥር ይመጣሉ። ድምፁ የጠፋ መልእክት በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ይቈያችኋል፤ የተዘጋ ቁጥር የላከውን ግን ላታዩት ትችላላችሁ።

በስልኩ ላይ የሚሠራው ሥራ

አሠራሩ በአዳዲስ የአንድሮይድ ስልኮች በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ የምርጫዎቹ ቦታና የቃላቱ አጻጻፍ ግን ከስልክ ስልክ ይለያያል፤ በአሮጌ ስልኮች ላይ አንዳንዱ ምርጫ ላይገኝ ይችላል።

ድምፁን ለማጥፋት፦ መልእክቱ በስልኩ ራስጌ ብቅ ሲል ጣታችሁን በላዩ ላይ ጥቂት አቆዩት። ምርጫ ይወጣል፤ «ፀጥ ያለ» የሚለውን ንኩ። ከዚያ ወዲያ ከዚያ ቁጥር የሚመጣው ሁሉ ሳይጮኽ ይገባል።

ለአስፈላጊው ቅድሚያ ለመስጠት፦ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም የቀበሌው መልእክት በመጣ ጊዜ በዚያው መንገድ ጣታችሁን አቆዩና «ቅድሚያ» የሚለውን ምረጡ። ከዚህም ጋር ለእርሱ ብቻ የተለየ የጥሪ ድምፅ ስጡት። ይህ በተለይ ማንበብ ለማይችል ሰው ይጠቅማል። ያን ድምፅ የሰማ እንደ ሆነ ፈጥኖ የሚያነብለት ልጅ ወይም ጎረቤት ይፈልጋል።

የሌሊቱን ጊዜ ለማስተካከል፦ ሌሊት ዕረፍት የፈለገ ሰው ስልኩን ፈጽሞ ይዘጋዋል። በክረምት ይህ አደገኛ ነው። ከመዝጋት ይልቅ በቅንብሮች ውስጥ «አትረብሽ» የሚለውን አብሩና፣ በኮከብ ምልክት የለያችኋቸው ሰዎች ብቻ እንዲደውሉና መልእክት እንዲልኩ ፍቀዱ። ከላይ በ1ኛው ክምር የተጠቀሱትን ሰዎች ቁጥር በስማቸው መዝግባችሁ ኮከብ አድርጉባቸው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፈትኑት። «አትረብሽ» በርቶ ሳለ ከተመረጡት አንዱ መልእክት ይላክላችሁ። ስልኩ ካልጮኸ አሠራሩ ስለ ተሳሳተ እንደ ገና ይታይ። ባትሪውም ከመሸ በፊት ይሞላ፤ ኃይል የሌለው ስልክ ማንንም አያነቃም።

መልእክትን እንደ ዳጉ መርምሩ

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ተቀምጠው ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውሃና ስለ ሰላም ይጠያየቃሉ። ሰሚው በዝምታ ብቻ አይሰማም፤ ማን አየው? የት? መቼ? አንተ አይተኸዋል ወይስ ሰምተኸዋል? ብሎ ይጠይቃል። የስልክ መልእክትም በዚሁ ጥያቄ ይመርመር። የላከው ማን ነው? የሚናገረው ስለ የትኛው ስፍራ ነው? የተጻፈው ዛሬ ነው ወይስ ካለፈው ዓመት ተላልፎ የመጣ ነው? ይህ ሳይታወቅ ለሌላ አይተላለፍ።

ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል መሬት ደጋግማ ተንቀጥቅጣለች፤ በታኅሣሥ ወር በርትቶ ብዙ ሰው ከመኖሪያው እንዲወጣ ሆኗል። ይህን በመሰለ ጊዜ ወሬ ይበዛል። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ አስቀድሞ ለመናገር የሚችል ሳይንስ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ «ነገ በዚህ ሰዓት ይንቀጠቀጣል» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ ላኪው ማንም ይሁን ማን አትመኑት። «ከዚህ ስፍራ ውጡ» የሚል የመንግሥት ትእዛዝ ግን ሌላ ነው፤ ይህን ከቀበሌው አረጋግጣችሁ ሳትዘገዩ ፈጽሙ።

በገንዘብም ነገር እንዲሁ ተጠንቀቁ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ፍየልና ግመል የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን በስልክ መቀበል ችሏል። አታላይ የሐሰት መልእክት ልኮ «ከፍያለሁ» ሊል ይችላል። ስለዚህ መልእክቱን አይታችሁ ከብቱን አታስረክቡ። በ*127# ገብታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን ተመልከቱ፤ ገንዘቡ ካልገባ ሽያጩ አልተፈጸመም። የምሥጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ። ስልኩ ተቈልፎ ሳለ የመልእክቱ ቃል በገጹ ላይ እንዳይነበብም በቅንብሮች ውስጥ ባለው የማሳወቂያ ክፍል ደብቁት።

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች

መልእክት እንዲነበብ የላኪውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ ፊደል የተጻፈ አንድ አጭር መልእክት ክፍት ቦታው ሳይቀር ተቈጥሮ 70 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይላካል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋርኛ ግን እስከ 160 ይደርሳል። ስለዚህ ሰላምታውን ትታችሁ ከጉዳዩ ጀምሩ። ምን ሆነ? መቼ? ምን ይደረግ? ማን ላከው? የሚሉትን አሟሉ። ለምሳሌ፦

«አዋሽ ሞልቷል። ዛሬ ነሐሴ 12 ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከብቱን ከወንዙ ዳር አውጡ። ልማት ጣቢያ»

ይህ ከ70 ምልክት አያልፍም። ቀኑና ሰዓቱ መጻፉ ዋና ነገር ነው፤ ስልኩ ተዘግቶ የቈየ ሰው የትናንቱን ማስጠንቀቂያ እንደ ዛሬ እንዳይቈጥረው ይረዳል። አፋርኛ ለሚናገረው በአፋርኛ ጻፉለት። ሁልጊዜም ከአንድ ቁጥር ላኩ፤ ቁጥሩ በየጊዜው ከተለወጠ ገበሬው የሰጠው የተለየ ድምፅ ዋጋ ያጣል። በዓል ለመመኘትና ስብሰባን ለማስታወስ ግን በዚያ ቁጥር አትጠቀሙ፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ከተለመደ ከእንግዲህ አያስነሣም።

እንግዲህ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ወር፣ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ በአንድ ላይ ተሰብስቦ በዚህ መንገድ ይስተካከል። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ያ የታወቀው ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ከቤቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ብድግ ይላል።