የልጅ ጥርስ ለምን ይበልዛል?

በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ ማየት እንግዳ አይደለም። የፊት ጥርሶቹ ላይ እንደ ኖራ የነጡ መስመሮች፣ ሲብስም ቡናማ ነጠብጣቦች ይታያሉ። "አልፋቅ ብሎ ነው" እየተባለም ይቆጡታል። ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም፤ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ከዚህ ያልፋል። ከመጠን ያለፈው ፍሎራይድ ጥርሱን የሚያበላሸው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አያስለቅቀውም፤ በከሰልና በሎሚ ማሸት ደግሞ ጭራሽ የጥርሱን ሽፋን ይጎዳል። ውሃውን ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ይተናል እንጂ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል።

ሁሉም ብልዘት ከውሃ አይመጣም። የብረት ሽሮፕ የሚተወው ጥቁረት በሐኪም ጽዳት ይለቃል። በመውደቅ የተመታ ጥርስ ከጠቆረ ግን ቶሎ ይታይ።

ቀላሉን ፍሎሮሲስ፣ ማለትም ከፍሎራይድ የመጣውን ብልዘት፣ የጥርስ ሐኪም ላዩን በስሱ ፈግፍጎ ያስተካክለዋል፤ የከፋውን በጥርስ ቀለም ሙሌት ይሸፍነዋል። ወላጆች፣ ለታናናሾቹ ፍሎራይዱ የተጣራ ወይም የዝናብ ውሃ አዘጋጁ፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅም የሩዝ ፍሬ የምታህል የጥርስ ሳሙና ትበቃዋለች።