ማንም ሳይሰድበው ራሱን የሚሰድብ ታካሚ

ከጫንጮ ተነስቶ ሱሉልታንና እንጦጦን አቋርጦ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕመሙን የሚታከም ሰው ሁልጊዜ የተሻለ ሐኪም ፍለጋ አይደለም የሚሄደው። አንዳንዱ የሚሸሸው የጎረቤትን ዓይን ነው። መድኃኒቱን ከካርቶኑ አውጥቶ በላስቲክ ይጠቀልላል፤ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ማንም ምንም ሳይለው «ከሰው ተራ ወጥቻለሁ» ብሎ በራሱ ላይ ፈርዷል።

ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ አማኑኤል ሆስፒታል ከሚታከሙ 212 የስኪዞፍሬንያ ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ይህ ስሜት ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ነበር።

«አይዞህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት ለምን አይበቃም? አእምሮው ቢቀበለውም ልቡ አይረጋም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ጊልበርት ርኅራኄ ላይ ያተኮረውን ሕክምና የቀረጸው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። በእሱ አገላለጽ ውስጣችን አደጋን የሚጠብቅ፣ ለስኬት የሚያሯሩጥና የሚያረጋጋ ሥርዓት አለ። በሚያፍር ሰው ውስጥ የመጀመሪያው ይነግሣል፣ የመጨረሻው ይደክማል። ስለዚህ ሕክምናው በቡድን ሲሰጥ የሚጀምረው በክርክር ሳይሆን በትንፋሽ ነው፤ ትከሻን አላልቶ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ከቡድኑ አንዱ ራሱን የሚሰድብበትን ቃል ጮክ ብሎ ይናገራል። «ይህን ለታመመች እህትህ ትላታለህ?» ይባላል። ዝም ይላል። ያን ስድብ ከሌላ ሰው አፍ መስማት ለብቻ በሚሰጥ ምክር አይገኝም።

ብሪታንያ ውስጥ 40 ሰዎች በተሳተፉበት የዚህ የቡድን ሕክምና ሙከራ ርኅራኄያቸው የጨመረ ተሳታፊዎች ድብርታቸው ቀንሷል። ገና ጅምር ነው፤ መድኃኒትንም አይተካም።

ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ግን የቡድኑ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሌላ ነው፦ ገበያ ላይ ብንገናኝ ሰላም እንባባላለን ወይስ እንዳልተዋወቀ ሰው እንተላለፋለን?