አብሮ መሄድና ተከትሎ መሄድ፦ አንድ እሑድ በሞተር ብስክሌት ወደ ቢሾፍቱ

እሑድ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ በመስቀል አደባባይ በኩል የሚያልፍ ሰው አሥራ አራት ሞተር ብስክሌቶች ተሰልፈው ቢያይ «እነዚህ ደግሞ የት ሊሞቱ ነው?» ማለቱ አይቀርም። እናቴም ከቤት ስወጣ የተናገረችው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኔ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከደመወዜ ሁለት ዓመት ቆጥቤ የገዛኋትን ባለ 125 ሲሲ አሮጌ ሞተር ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማኅበሩ ጋር የምጓዝበት ቀን ስለ ነበረ፣ ምርቃቷን ብቻ ተቀብዬ ወጣሁ።

ሞተረኛ በከተማችን ስሙ ሁልጊዜ በመልካም አይነሣም። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ወንጀል መበራከቱን ጠቅሶ የሞተር ብስክሌትን እንቅስቃሴ ከልክሎ ነበር፤ ኋላም ፈቃድ ለያዙት ተፈቀደ። ስለዚህ የማኅበራችን የመጀመሪያ ሕግ ወረቀትን አሟልቶ መምጣት ነው። ከመካከላችን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዲት ነርስና ሁለት ተማሪዎች ይገኛሉ። ሊቀመንበራችን በጋራዥ ሥራ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን።

በሞተር ከከተማ ወጣ ብሎ የመመለስ ልማድ ዕድሜው ከራሱ ከሞተሩ ጋር እኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳይምለርና ማይባኽ የተባሉት ጀርመናውያን በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባለ ቤንዚን ሞተር ብስክሌት በሠሩ ጊዜ፣ የዳይምለር ልጅ ከካንስታት ተነሥቶ ኡንተርቱርክሃይም ወደምትባል መንደር ተጓዘበት። መንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ በጉዞውም ላይ ከመቀመጫው ሥር ባለው የሞተሩ ግለት ኮርቻው በእሳት ተያያዘ ይባላል።

የእኛ መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመነሣታችን በፊት ጋሼ እየዞሩ የያንዳንዱን ጎማ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፤ ካቴናውን ነካ ነካ አደረጉ፤ ፍሬኑንና ፍሬቻውን አስሞከሩ። ቀጥሎም የአሰላለፉን ሥርዓት አስረዱን። አንዱ በመንገዱ ግራ ሲሄድ የሚከተለው በቀኝ ይሆናል፤ ሦስተኛው እንደገና በግራ። በዚህ ዓይነት ከጎንህ ካለው በአንድ ሴኮንድ፣ በቀጥታ ከፊትህ ካለው ደግሞ በሁለት ሴኮንድ ትርቃለህ። ከሁሉም ኋላ መፍቻና ጎማ መንፊያ የያዘ ልምድ ያለው ሰው ይሄዳል፤ እርሱን ማንም አያስቀድመውም። አቅመ ደካማው ሞተር ከመሪው ቀጥሎ ይሰለፋል፤ ከኋላ ቢሆን ለመድረስ ሲል ከአቅሙ በላይ ይሮጣልና።

አቅመ ደካማው ሞተር የእኔ ሆኖ ተገኘ። በአሥራ ሦስት ሰዎች ፊት «መምህር፣ አንተ ከኔ ኋላ» ሲሉኝ እንደ ሰነፍ ተማሪ ከፊት ወንበር የተቀመጥኩ መስሎ ተሰማኝ። ነገሩ ግን ሐቅ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ትንሿ ሞተሬ ከአምስት እጅ አንዱን ከማጣቷም በላይ፣ የጋሼ ሞተር ባለ 650 ሲሲ ነው።

በጎተራ፣ በሳሪስና በቃሊቲ አልፈን አቃቂን ስንሻገር ፀሐይዋ ሞቅ አለች። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ፈጣን መንገድ ትተን በአሮጌው መንገድ ገላንንና ዱከምን አለፍን። ከዱከም ወጣ ብሎ ጭድ የጫነ የጭነት መኪና ከፊታችን ተጋረጠ። ጭዱ እስከ ሰማይ ተከምሯል፤ ብናኙ ዓይን ያስጨፍናል። ጋሼ ፍሬቻ አብርተው ወደ ግራ ወጡ፤ አዩ፤ ነዳጅ ሰጥተው አለፉ። እኔም ዓይኔን ከጀርባቸው ሳልነቅል ተከተልኩ።

ከጭነት መኪናው ጎን እኩል በደረስኩ ጊዜ አንድ ሚኒባስ ክላክሱን እየነፋ ፊት ለፊት መጣብኝ። ሞተሬን ብጨምቃት የቀራት ኃይል አልነበረም፤ ወደ ኋላ እንዳልመለስ የሚከተለኝ ሰው አለ። ያዳነኝ የጭነት መኪናው ሾፌር ነው። ፍሬን ይዞ ከፊቱ ቦታ ለቀቀልኝና ሾልኬ ገባሁ። ሚኒባሱ በጉልበቴ አጠገብ አለፈ፤ በመካከላችን የነበረው ክንድ የሚሞላ አይመስለኝም። የዚያን ሾፌር ፊት እንኳ አላየሁትም።

ቢሾፍቱ እስክንደርስ ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ምግብ ቤቱ እሳተ ገሞራ ከቆፈረው ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው፤ ከበረንዳው ሲመለከቱ ውሃው እንደ ሰማያዊ ሰሐን ከታች ተዘርግቷል። የተጠበሰ አሣ፣ ተጋቢኖ ሽሮና ጥብስ ቀረበ። አንዱ ተማሪ ጠጅ ሊያዝ ቢል ነርሷ «ሞተርህን እዚህ የምታሳድረው ከሆነ እዘዝ» አለችው፤ እርሱም ሣቀና ለስላሳ አዘዘ። እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ አሣውን ከእሾሁ መለየት አቃተኝ።

በዚህ ጊዜ ጋሼ የክብሪት ቀፎ፣ የጨው ዕቃና የሚጥሚጣ ዕቃ ሰብስበው ከፊቴ ደረደሩ።

«ክብሪቱ የጭነት መኪናው ነው፤ ጨው እኔ ነኝ፤ ሚጥሚጣው አንተ። እኔ በወጣሁ ጊዜ መንገዱ ይበቃኝ ነበር። አንተ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ስትወጣ ሚኒባሱ ምን ያህል ቀርቧል? አንተ መምህር አይደለህም? አስላው እስኪ።»

አሰላሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሚኒባሱ በ80 ቢመጣ በሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ፊት ለፊት ስለሚቀራረቡ ሁለቱ ይደመራሉ፤ በሴኮንድ 39፣ በሁለት ሴኮንድ 78 ሜትር።

«ሰባ ስምንት ሜትር ጋሼ» አልኩ። ይህንኑ ሒሳብ ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሠርቼ ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅህ ማንን አምነህ ወጣህ?»

«እርስዎን።»

«እኔ ያየሁት የራሴን መንገድ ነው። ያንተን መንገድ ማን ይይልህ? ጥፋቱ የኔም ነው፤ አዲስ መሆንህን እያወቅሁ ይህን ጧት ሳልነግርህ ቀረሁ።» ይህን ብለው አሣውን ከእሾሁ ለይተው አጎረሱኝ።

ስንመለስ ያው ቦታዬ ተሰጠኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን ቅር አላለኝም። ከገላን በፊት ሌላ የጭነት መኪና ገጠመን። ጋሼ አዩና አለፉ። እኔ ወጣ ብዬ ባይ ከሩቅ አውቶቡስ ይመጣል። ተመልሼ ገባሁ። አሥራ ሁለት ሞተሮች ከኋላዬ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ አንድም ሰው ክላክስ አልነፋም። አውቶቡሱ አለፈ፤ እንደገና አየሁ፤ መንገዱ ባዶ ነው፤ አለፍኩ። ጋሼ ከፊት ቀስ ብለው እየሄዱ በስፖኪዮ ይጠብቁኝ ኖሯል፤ ግራ እጃቸውን አንሥተው አወረዱ።

ወጣቶች ሆነን ወደ ሥራ ዓለም ስንገባ ከፊታችን የሚሄድ ሰው መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው። አለቃ፣ መምህር ወይም ታላቅ ወንድም መንገድ ያሳየናል፤ በስሙ ግን መንገዱን አያይልንም። እርሱ ባለፈበት ሰዓት ባዶ የነበረው መንገድ እኛ ስንደርስ ሰው ሊመጣበት ይችላል። ማኅበር ማለት አብሮ መሄድ እንጂ ዓይንን ጨፍኖ መከተል አይደለም። አብሮ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከፊቱ ያለው ቆም ብሎ ሲያይ ከኋላው ይታገሣል።

ሰኞ ጧት ክፍል ገብቼ ስለ ሁለት ባቡሮች የሚጠይቀውን የመጽሐፉን ጥያቄ ተውኩና በሰሌዳው ላይ አንድ የጭነት መኪና፣ ሁለት ሞተሮችና አንድ ሚኒባስ ሣልኩ። ተማሪዎቹ 78 ሜትሩን በቶሎ አገኙ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ሁለተኛው ሞተረኛ ተረፈ?» ብላ ጠየቀች።

«ተርፏል» አልኩ፤ «በሒሳቡ ግን አይደለም።»