አንድ ቁልፍ ለስንት በረት?

«በጎግል ግባ» የሚለውን ከመንካት በፊት ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ

የድንበር ገበያ ነጋዴ ከዱላውና ከማስታወሻ ደብተሩ ሌላ ከእጁ የማይለየው ዕቃ ስልኩ ሆኗል። ሞያሌ ላይ ግመል የሚገዛውም ሆነ ቶጎ ውጫሌ ላይ በግና ፍየል የሚያስጭነው የገዢውን ድምፅ የሚሰማው፣ ገንዘብ የሚልከውና የሚቀበለው፣ መኪናው የት እንደደረሰ የሚጠይቀው በዚያው ስልክ ነው።

አዲስ የዋጋ መከታተያ ወይም የጭነት መኪና ማፈላለጊያ መተግበሪያ በስልኩ ላይ ሲጫን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «በጎግል ግባ» ወይም «በፌስቡክ ግባ»። አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። አዲስ የይለፍ ቃል ማውጣት የለም፣ ማስታወስም የለም። ምቾቱ እውነት ነው። ያቺ አንድ ንክኪ ምን አሳልፋ እንደምትሰጥ ማወቅ ግን ሰንጋ ከመግዛት በፊት ጥርሱን እንደማየት ነው።

መሸኛ እንጂ ቁልፍ አይደለም

ነጋዴው «በጎግል ግባ» ሲል መተግበሪያው ወደ ጎግል ይመራዋል። ጎግል የራሱን ደንበኛ ያውቀዋልና ማንነቱን አረጋግጦ ለመተግበሪያው የማረጋገጫ ምልክት ይሰጠዋል። ባለሙያዎች ይህን ምልክት «ቶክን» ይሉታል። ነጋዴ ደግሞ መሸኛ ብሎ ቢያስበው አይሳሳትም።

መሸኛ ላይ የእንስሳው ዓይነትና ቁጥር፣ መነሻውና መድረሻው ይሰፍራል፤ ቀንም አለው። ሃያ በግ ተብሎ በተጻፈ መሸኛ ሃያ ግመል ኬላ አያልፍም። መሸኛውን የያዘው ሾፌርም የበረቱን ቁልፍ አልተረከበም። ቶክንም እንዲሁ ነው። መተግበሪያው ምን እንዲያይ እንደተፈቀደለት ይወስናል፣ የሚያበቃበት ጊዜም ይኖረዋል። የይለፍ ቃሉ ግን ከነጋዴውና ከጎግል እጅ አይወጣም። ይህ አሠራር የሚመራበት «ኦ-ኦውዝ 2.0» የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ ባለቤቱ የማይታወቅ መተግበሪያ ላይ አዲስ የይለፍ ቃል ከማውጣት በዚህ መንገድ መግባቱ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ብዙ ሰው ለሁሉም ቦታ አንድ የይለፍ ቃል ይጠቀማልና፣ ከአንዱ ደካማ መተግበሪያ የተሰረቀው ቃል ሌላውንም በር ይከፍታል።

የይለፍ ቃሉ የሚጻፈው የት ነው?

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የይለፍ ቃሉ በትክክለኛው ቦታ ሲጻፍ ብቻ ነው። አንዳንድ መተግበሪያ ነጋዴውን ወደ ጎግል በመላክ ፈንታ የጎግልን ገጽ በራሱ መስኮት ውስጥ ይከፍታል። ገጹ እውነተኛ ቢሆን እንኳ መስኮቱ የመተግበሪያው ስለሆነ፣ የሚጻፈውን እያንዳንዱን ፊደል ሊያይና ሊያስቀር ይችላል። ያኔ የተሰጠው መሸኛ ሳይሆን ቁልፉ ራሱ ነው። በዚህ ምክንያት ጎግል እንዲህ ባለ መስኮት መግባትን በ2017 መከልከል ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብም የስልክ መተግበሪያዎች ለመግቢያ እንደ ክሮም ያለ የስልኩን ማሰሻ እንዲጠቀሙ ያዛል።

ነጋዴው ልዩነቱን በዓይኑ መለየት ይችላል። የጎግል አካውንቱ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ካለ፣ ትክክለኛው መግቢያ አካውንቱን ዘርዝሮ «የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። አካውንቱ ስልኩ ላይ እያለ መተግበሪያው በራሱ ሣጥን ውስጥ የይለፍ ቃል ጻፍ ካለ፣ እዚያ ላይ ማቆም ነው። በማሰሻ የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለው አድራሻ የጎግል መሆኑን ፊደል በፊደል ማየት ያስፈልጋል።

ለሞባይል ገንዘብም ሕጉ ያው ነው። ኬንያ ውስጥ በኢንተርኔት ዕቃ የገዛ ሰው በኤም-ፔሳ ሲከፍል የሚስጥር ቁጥሩን ለሻጩ ገጽ አይሰጥም። ጥያቄው ከሲም ካርዱ በሚመጣ መስኮት ስልኩ ላይ ብቅ ይላል፤ ቁጥሩም እዚያው ይገባል። ሻጩ የሚያውቀው መከፈሉን ብቻ ነው። «የግመል ዋጋ እንዳሳይህ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርህን አስገባ» የሚል መተግበሪያ ካለ ግን የሚፈልገው ገንዘቡን ነው።

መሸኛው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ከመግባት በፊት የሚመጣው ገጽ መተግበሪያው የሚጠይቀውን ይዘረዝራል። ስም፣ የኢሜይል አድራሻና ፎቶ የተለመዱ ናቸው። ከዚያ አልፎ የኢሜይል ደብዳቤዎችን ላንብብ፣ በጎግል የተቀመጡ ፋይሎችን ልክፈት፣ የስልክ ማውጫውን ልይ ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። የበግ ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ የሰው ደብዳቤ ማንበብ አያስፈልገውም።

በተለይ የስልክ ማውጫ ለቁም እንስሳት ነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። በርበራ ያለው ገዢ፣ ጋሪሳ ያለው ደላላ፣ ዱቤ የሚሰጠው የመኖ ሻጭ፣ ሌሊት የሚነሳው ሾፌር ሁሉም እዚያ አሉ። ያ ዝርዝር ለዓመታት የተሠራ ካፒታል ነው። ለተፎካካሪ ወይም ለአጭበርባሪ ቢደርስ የሚያመጣው ጉዳት በገንዘብ ብቻ አይለካም፤ አጭበርባሪው በነጋዴው ስም ወደ ደንበኞቹ ይደውላልና። ያልተፈለገውን ፈቃድ መከልከል ይቻላል። ከከለከሉት በኋላ አልሠራም የሚል መተግበሪያ ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ነው።

ማጥፋት መሻር አይደለም

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መተግበሪያን ከስልክ ማጥፋት የተሰጠውን ፈቃድ አይሽርም። ቶክኑ ከመተግበሪያው ባለቤት ዘንድ ስለሚቀመጥ፣ ነጋዴው ከረሳው በኋላም ሊያገለግል ይችላል። የይለፍ ቃል መቀየርም ብቻውን ሁልጊዜ አይሽረውም።

መሻሪያው የሚገኘው ከጎግል አካውንቱ ራሱ ነው። በስልኩ ቅንብር ውስጥ ጎግል የሚለውን ከፍቶ ወደ አካውንቱ አስተዳደር፣ ከዚያም ወደ ደህንነት ክፍሉ ሲገባ ከሌሎች መተግበሪያዎች ጋር ያሉት ግንኙነቶች ተዘርዝረው ይታያሉ። የማይታወቀውን ወይም የማያገለግለውን እየመረጡ መሰረዝ ነው። ፌስቡክም በቅንብሩ ውስጥ ተመሳሳይ ዝርዝር አለው።

ቁልፉ ራሱ ሲጠፋ

የአንድ ቁልፍ አሠራር ትልቁ አደጋ ቁልፉ አንድ መሆኑ ነው። በመስከረም 2018 ፌስቡክ ከአሠራሩ በተገኘ ክፍተት ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ቶክን ተሰርቆበታል። የማንም የይለፍ ቃል አልተወሰደም፤ መሸኛው በቂ ነበር። ኩባንያው ለጥንቃቄ የ90 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎችን ቶክን ሽሮ እንደገና እንዲገቡ አድርጓል። ሌቦቹ በፌስቡክ በኩል ወደ ሌሎች መተግበሪያዎች መግባታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳላገኘም ገልጿል። በሩ ግን ተከፍቶ ነበር።

የድንበር ነጋዴ ከዚህ የቀረበ ሥጋት አለበት። ስልኩ በገበያ ግርግር ቢሰረቅና የስክሪን መቆለፊያ ባይኖረው፣ ያገኘው ሰው ሁሉንም መተግበሪያ ያለ የይለፍ ቃል ይከፍታል። ነጋዴው በሌላ ስልክ አካውንቱን ልመልስ ሲል ደግሞ ኮዱ የሚላከው ወደ ጠፋው ሲም ሊሆን ይችላል። ሲሙ በእጁ ቢሆን እንኳ ከድንበር ማዶ ኔትወርክ ካላገኘ ኮዱ አይደርስም። ሁለትና ሦስት ሲም የሚይዝ ነጋዴ አንዱን ለወራት ሳይጠቀምበት ከቀረ፣ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያኔ የአካውንቱ ኮድ የሚደርሰው ለማይታወቅ ሰው ነው።

ለዚህ ጎግል አንድ ጥሩ ነገር አዘጋጅቷል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያበራ ሰው አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ማውጣት ይችላል። እያንዳንዱ ባለ ስምንት አኃዝ ነው፤ የሚሠራውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኔትወርክም ሲምም አይፈልግም። በወረቀት ተጽፈው ከቤት፣ ከወርቅና ከሰነድ ጋር ቢቀመጡ፣ ነጋዴው ማዶ ሆኖ ስልኩ ቢጠፋ ከቤተሰቡ አንዱ አንዷን ኮድ በስልክ ሊያነብለት ይችላል። ኮዱን ለሌላ ለማንም ማንበብ ግን ቁልፉን መስጠት ነው፤ «ከድርጅቱ ነው የምደውለው» ያለው ሁሉ እውነተኛ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን አካውንቱን መጀመሪያ የከፈተው ማን ነው የሚለው ነው። ስልክ ሲገዛ በስልክ ቤቱ ልጅ አካውንት የተከፈተለት፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ የማያውቅ፣ የማስመለሻ ስልኩም የዚያው ልጅ ቁጥር የሆነ ነጋዴ አለ። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የዋጋ መተግበሪያው፣ የጭነት ውሉና የደንበኞች ዝርዝር ሁሉ የተንጠለጠሉት በእሱ እጅ ባለ ቁልፍ ላይ ነው። በረቱን ለሌላ ሰው አስቆልፎ እንደመሄድ ማለት ነው።

መፍትሔው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ነጋዴው የይለፍ ቃሉን ራሱ ይቀይር፤ የማስመለሻ ቁጥሩን ሁልጊዜ በሚሠራው ሲም ይተካ፤ አካውንቱ ክፍት የሆነባቸውን ስልኮች ዝርዝር አይቶ የማያውቀውን ያስወጣ፤ ስክሪኑን ይቆልፍ። ይህን ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ቢያግዘው ነውር የለውም። የሚቀጥለው መንጋ ከመጫኑ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።